የጎማ መደርደሪያው እግር

ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና እህቱ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። በያጅ ነው። አንድ በር ሠርቶ ከገጠመ በኋላ ያቺን ውሃዋ ውስጥ አረፋ የምትንሳፈፍባትን መለኪያውን ከኪሱ ያወጣና በአግድም ያስቀምጣታል፤ በቁም ያስደግፋታል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ደንበኛው «ኧረ በቃ ቀጥ ብሏል፣ ሂድልኝ!» ብሎ እስኪለምነው ድረስ አይነቃነቅም። አንዴ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «ይቺ አልጋ ወደ ግራ ታዘነብላለች» ብሎ ነርሷን አስቆጥቷታል እየተባለ ይሳቅበታል።

ያሳደገችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ የአሥራ ሰባት፣ እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበሩ። እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የሚላት። እሷ በአንድ የጎማ መጋዘን የዕቃ ክፍል ኃላፊ ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከጎማ ሽታ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት።

በዚያ መጋዘን ጎማ የሚቀመጠው መሬት ላይ እየተነባበረ ነበር። አንዱ በአንዱ ላይ፣ አሥራ አምስት ሃያ ድረስ። ከሥር ያሉት ተጨፍልቀው ቅርጻቸውን ያጣሉ። ደንበኛ ከሥር ያለውን የጎማ ቁጥር የፈለገ ቀን ክምሩ ሁሉ ይፈርሳል፣ ተመልሶ ይከመራል። ክምሩ ደግሞ እንደ ሰካራም ዘመም ዘመም ይላል፤ አንድ ቀን ተንዶ የአንዱን ጫኝ የትከሻ አጥንት ሰበረው። ከዚያ በኋላ እትዬ ሥራ አስኪያጁን ነጋ ጠባ ያዘችው። «ተደራራቢ የብረት መደርደሪያ እናሠራ። ጎማውን በየቁጥሩ ለይተን እንጭንበታለን፣ ፎርክሊፍቱ በሹካው እያነሳ ይደራርበዋል፤ የወለሉ ግማሽ ይተርፋል፣ ሰውም አይጎዳም» አለችው። እሺ ባለ ጊዜም «በያጁን እኔ አመጣለሁ» አለች። «ማን ነው?» ቢላት «ወንድሜ ነው። በእሱ ሥራ ሥር አልጋዬን አንጥፌ እተኛለሁ» አለችው።

ይቺን ቃሏን ለውሃ ልክ የነገረችው ራሷ ናት፤ ደስ እንዲለው ብላ።

ሥራው ዘጠና ስድስት መደርደሪያ ነበር። እያንዳንዱ ወለልና አራት ቋሚ ብረት ያለው ትልቅ ቀፎ ነው፤ አርባ የትንንሽ መኪና ጎማ ይይዛል። እግሩ ሥር አራት የብረት ኩባያ ይበየዳል፤ ኩባያዎቹ ከታች ባለው መደርደሪያ ቋሚዎች ጫፍ ላይ ልክክ ብለው ይገባሉ። እንዲያ እየሆነ አራት ፎቅ ይወጣል። የታችኛው መደርደሪያ የራሱንም የሦስቱንም ጭነት የሚሸከመው በእነዚያ አራት ኩባያዎች ነው። ውሃ ልክ ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ወር ሙሉ ለኩባያዎቹ ነው የተጨነቀው። እያንዳንዷን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ይበይዳታል፣ በመዶሻ መትቶ ድምፅዋን ያዳምጣል፣ በእርሳስ «ደህና» ብሎ ይጽፍባታል፣ ከዚያ ነው ቀለም የሚቀባት።

የመጨረሻዎቹ ሲቀሩ ዝናብ መጣ። የዎርክሾፑ ቆርቆሮ አፈሰሰና ከጣሪያው ሥር የተቀመጠውን የኤሌክትሮድ፣ የመበየጃ ዘንጎቹን፣ ፓኬት አራሰው። እርጥብ ኤሌክትሮድ የበያጅ ጠላት ነው፤ እሳቱ ይፈነጣጠራል፣ ብረቱ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ላዩ ያማረ ይመስላል፣ ውስጡን ለቄስ ነው። ውሃ ልክ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ቀኑ እሑድ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ ጫኝ መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል። እትዬ በስልክ «ደረሰ አይደል?» አለችው። «ደርሷል» አላት። ኤሌክትሮዶቹን ቆርቆሮ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ብልጭ ባለች ጊዜ ግማሽ ሰዓት አሰጣቸው። ከዚያ በየደ። ፈነጣጠረ። ጎርበጥባጣውን በግራይንደር ሞርዶ አለሰለሰው፣ ቀለም ቀባው። ያን ቀን መዶሻውን አላነሳም።

ሰኞ መኪናው ጭኖ ሄደ። በሳምንቱ እትዬ ጠርታ አሳየችው። ያ የተዝረከረከ መጋዘን ቤተ መጻሕፍት መስሏል። ሃያ አራት ረድፍ፣ እያንዳንዱ አራት ፎቅ፣ በመሃል ፎርክሊፍት የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ። ካፒቴን የሚሉት የፎርክሊፍት ሹፌር ከመቀመጫው ሆኖ «አንተ ሰው፣ እጅህ ይባረክ! ድሮ ለአንድ ጎማ ግማሽ ቀን ስንቆፍር እንውል ነበር፤ አሁን አምስት ደቂቃ!» አለው። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በተረፈው ወለል ላይ እትዬ ጠረጴዛዋን አስቀምጣለች፤ ከሰባተኛው ረድፍ ሥር፣ መብራት ደህና የሚያገኝበት ቦታ። ያቺን እሑድ ውሃ ልክ በዚያን ሰዓት ጭራሽ አላስታወሳትም።

ሦስት ወር አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ የብረት መሰላል በልጇ አስይዛ ዎርክሾፑ መጣች። መሰላሉ ሁለት መወጣጫ ጎድሎታል፤ ሴትዮዋም እጇን በፋሻ አንገቷ ላይ አስራለች።

«ይሄን አንተ አይደለህ የበየድክልኝ? ያኔ ዝናብ የዘነበ ሰሞን ሰኞ ጠዋት መጥቼ የወሰድኩት?» አለች። በቁጣ አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። «ውሃ ልክ ሠራው ስል ሰው አላምን አለኝ።»

ተቀብሎ የተሰበረውን አየ። የተላቀቀው ቦታ ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ስፖንጅ ነው የሚመስለው። ውሃ ልክ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። መሰላሉን የበየደው ያን እሑድ ነው፤ በዚያው ፓኬት፤ የመደርደሪያዎቹን ኩባያ ሲበይድ መሃል ላይ እረፍት ቢጤ አድርጎ።

«እጅሽ ተሰበረ?» አላት።

«ወለም ነው ያለኝ፣ እግዜር አተረፈኝ። ከፍ ብዬ ቢሆን ኖሮማ…» ብላ ተወችው።

ይቅርታ ጠየቃት። መሰላሉን አዲስ አድርጎ እንደሚሠራላት ነገራት። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ላይ የመጣው ሰባተኛው ረድፍ ነው፤ ከሥሩም የእትዬ ጠረጴዛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ቤቱ ገባ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ትሰቀላለች፤ የእትዬ ስም ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ እስኪጮህ አያነሳውም። ሲያነሳው እሷ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው? ደረጃ ስትወጣ ነው እንዴ?» ትለዋለች፤ ስለ ወጥ ማሰሮ ወይም ስለ ጉንፋኗ ታወራዋለች፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ ያገኘዋል። ጎረቤት ዕቃ ሲወድቅ ይበረግጋል። ምግብ አልወርድ አለው። በልቡ ግን አንድ ነገር ይዞ ነበር የሚጽናናው፦ «አንድ ብቻ ነው። ከእርጥቡ የሠራሁት አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። እሱም ላይኛው ፎቅ ላይ ይሆናል፤ ላይኛው ምንም አይሸከምም።» ይህን ደጋግሞ ከማለቱ የተነሳ እውነት መሰለው።

ሚስቱ በአምስተኛው ቀን ያዘችው። «አንተ፣ ሌላ ሴት ይዘህ ከሆነ ንገረኝና ልረፍ» አለችው፤ ቀልድ አስመስላ፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ነገራት። ሰምታ ስታበቃ ስልኩን አንስታ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ለእትዬ ንገራት» አለች።

«እንዴት ብዬ? በአለቃዋ ፊት ቃሏን የሰጠችው በእኔ ነው። ሥራዋን ብታጣስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።»

«ብረቱ ቢወድቅስ ይመለሳል?»

ለእትዬ ግን አልነገራትም። በማግስቱ ትንሽ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽና የቀለም ቆርቆሮ ይዞ መጋዘኑ ሄደ። ለዘበኛው «የተላላጠ ቀለም ልነካካ ነው» አለው። ሐሳቡ ያቺን አንዷን መደርደሪያ በስውር ፈልጎ፣ ካፒቴንን በጓደኝነት አስወርዶ፣ ወስዶ አድሶ መመለስ ነበር። ማንም ሳያውቅ።

እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች። ከጀርባዋ ሰባተኛው ረድፍ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ አንድ መቶ ስድሳ ጎማ። ቀና ብላ አየችውና «ምነው ከሳህ? ያቺ ልጅ አታበላህም እንዴ?» አለችው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

ከሰባተኛው ጀመረ። ተንበርክኮ የታችኛውን መደርደሪያ አራት ኩባያዎች አንድ በአንድ መታ። ጥሩ ብየዳ ሲመታ እንደ ደወል ጥርት ይላል። አራቱም ጠሩ። እፎይ ብሎ ግንባሩን ጠረገ። ወደ ስምንተኛው ሄደ፤ ጠራ። ዘጠነኛ፣ አሥረኛ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ሦስተኛዋ ኩባያ «ዱፍ» አለች። እንደገና መታት፤ ዱፍ። በብሩሹ ቀለሙን ፋቀ። ከሥሩ ፀጉር የምታክል የዝገት መስመር የኩባያዋን ግማሽ ዙራለች። ብረቱ ተሰንጥቋል። ቋሚው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ መንገዱ አዘንብሏል፤ ሌላ ሰው አያየውም፣ እሱ ግን መለኪያ ሳያወጣ አየው።

የአሥራ አንደኛው ረድፍ ሦስት ፎቅ ብቻ ነበር። አራተኛውን ካፒቴን በዚያች ቅጽበት ጭኖ እያመጣ ነው። ፎርክሊፍቱ ጥጉን ዞረ፣ አርባ ጎማ የጫነውን ቀፎ ከፍ አድርጎ ወደ እሱ ቀረበ።

«ዞር በል ወዳጄ፣ ላሳርፈው ነው!» አለ ካፒቴን።

ውሃ ልክ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። እጁን ማንሳት ፈለገ፣ እጁ ከጎኑ አልነሳ አለው። ቀፎው ሽቅብ ወጣ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው እንደምንም መዶሻውን የወረወረው፤ የፎርክሊፍቱን አፍንጫ መታና ወለሉ ላይ ተንቀጫቀጨ።

«አብደሃል እንዴ!» ብሎ ጮኸ ካፒቴን። ግን ቆመ።

እትዬ ሮጣ መጣች። ወንድሟን አየች፣ መሬት ላይ ነው፤ በጉልበቱ። ጣቱ ወደ ኩባያዋ ያመለክታል። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና አየችው። ስትነሳ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አላት። «ኤሌክትሮዱ እርጥብ ነበር። አውቄ ነው የበየድኩት።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ወደ ኋላ ዞር አለችና ልጅ ሆኖ ወንዝ ዳር ሲሄድ በምትጠራው ድምፅ «ሁላችሁም ውጡ! አሁኑኑ! ዕቃ ያዝኩ የሚል እንዳይኖር!» አለች። ስድስቱ ጫኞች ተንጋግተው ወጡ። ካፒቴን የያዘውን ቀፎ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወስዶ ሜዳው ላይ አሳረፈና ከፎርክሊፍቱ ወረደ።

«እኔም ልውጣ እትዬ» አለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ማንም አያስገድድህም። ግን እንዲሁ ከተውነው በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ጎረቤቱን ይዞ ነው። እንደ ዶሚኖ ነው የሚሄደው።»

ካፒቴን ረድፉን ሽቅብ አየ። ከዚያ ውሃ ልክን አየው። «ስንጥቁን እያየህ ትነግረኛለህ? ከሰፋ ትጮሃለህ? እንዳሁኑ ዝም እንዳትል!»

«እጮሃለሁ።»

ስለዚህ እንዲህ ሆኑ፦ ካፒቴን መሪው ላይ፣ ውሃ ልክ ከስንጥቁ ሁለት እርምጃ ርቆ በደረቱ ተኝቶ፣ እትዬ ከእሱ ጀርባ። «እትዬ፣ ውጪ፣ በእናታችን!» ብሎ ለመናት። «ዝም ብለህ ብረትህን እይ» አለችው።

ሦስተኛው ፎቅ ተነሳ። ሹካው ሲነካው ረድፉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከስንጥቁ የዝገት ዱቄት ረገፈ። «ቀስ! ቀስ! … ቆይ … እሺ ቀጥል!» ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ግን አልጨፈነም። ያ ወረደ። ሁለተኛው ሲነሳ አንድ ሹል ድምፅ ተሰማ፤ «ጧ!» ኩባያዋ ለቀቀች። የታችኛው መደርደሪያ በአንድ ጥጉ ወደ መንገዱ ተንበረከከ፤ ጎማዎቹ ተንሸራተው አንዱ ከእትዬ እግር ሥር ተንከባሎ ደረሰ። ሁለተኛው ግን ሹካው ላይ ነበር፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ካፒቴን በሁለት እጁ መሪውን እንደ ያዘ፣ እንባው እየወረደ፣ ወደ ኋላ ነዳው።

ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ። የተሰበረውን አየ፣ እትዬን አየ፣ በመጨረሻ ወደ ውሃ ልክ ዞረ።

«ስንት ናቸው እንደዚህ ያሉት?»

«አንድ ብቻ ነው» አለ ውሃ ልክ።

እትዬ ክንዱን ያዘችው። በቅጽል ስሙ አልጠራችውም፤ በስሙ ጠራችው፣ እናታቸው ትጠራው በነበረው። «ስንት ናቸው?» አለችው።

ያኔ ነው እውነቱ የገባው። ያን እሑድ አልቆጠረም ነበር። «አንድ» ያለው ፍርሃቱ ነው። «አላውቅም» አለ። «አምላኬን፣ አላውቅም።»

ዘጠና ስድስቱም ወረዱ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። መጋዘኑ ተዘጋ፣ ደንበኞች ተቆጡ፣ ጎማው ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተቆለለ። ውሃ ልክ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ በጉልበቱ እየሄደ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ኩባያ መታ። ሰባት መደርደሪያ ላይ ዘጠኝ መጥፎ ኩባያ አገኘ። አንዷ ላይ ቀለሙ ሲፋቅ የእሱ የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ፤ «ደህና» የሚል። እትዬ በበሩ በኩል ታልፋለች፤ «በላህ ወይ?» ትለዋለች፤ ሌላ ነገር አትናገረውም።

መጥፎዎቹን ሁሉ ከነቀለ በኋላ እንደ አዲስ በየዳቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ቦታ ያመጣው መርማሪ እያንዳንዷን አየና ፈረመ። መደርደሪያዎቹ ተመልሰው ቆሙ፣ ግን ከእንግዲህ ከሦስት ፎቅ እንዳያልፉ ተባለ። እትዬ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ሥራዋን አላጣችም። ቀጣዩን ሥራ ግን ለሌላ በያጅ ሰጡት፤ እሷም አልተከራከረችም። ወንድሟ ቤት የመጣችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ገብታ ተቀመጠች፣ ከሚስቱ ጋር ስለ ኑሮ አወራች፣ ስትወጣ በሩ ላይ «መዶሻውን ባትወረውረው ኖሮ አላናግርህም ነበር» አለችው። ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም።

ውሃ ልክን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ያን እሑድና በማግስቱ የሠራውን ሁሉ ለማስታወስ ሞከረ። አንድ የግቢ በር፣ አንድ የአልጋ ድጋፍ፣ አንድ የበረንዳ መከላከያ። በሩን ሄዶ አየ፤ ደህና ነው። አልጋውን አየ፤ ሁለት ቦታ አደሰው። የበረንዳውን ባለቤት ማግኘት ግን አልቻለም፤ ቤቱን ሸጦ ሄዷል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሕንፃውን ፈልጎ ደረሰ። ሽቅብ አየ። ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ በበየደው መከላከያ ላይ አንዲት ሴት ሆዷን አስደግፋ፣ ወደ ውጭ ተንጠራርታ፣ የሕፃን ልብስ ታሰጣለች። መጮህ ፈራ፤ ደንግጣ የባሰ ብትደገፍስ? ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። በሩን አንኳኳ። ልጅ ታቅፋ ከፈተችለት።

«እህቴ፣ በረንዳሽን የበየድኩት እኔ ነኝ» አላት እያለከለከ። «ላየው ብዬ ነው። እባክሽ፣ እስክጨርስ እንዳትጠጊው።»

ሴትዮዋ ተጠራጥራ አየችው፤ ከዚያ መዶሻውን አየች፤ ከዚያ ፊቱን። አሳለፈችው።

ተንበርክኮ እያንዳንዷን መጋጠሚያ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ ስድስት ነበሩ። ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ነው የሚሰማው። ከኋላው ሕፃኑ ይስቃል። የመጨረሻዋን ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። መዶሻውን አስቀመጠና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ደህና ነው» አላት።

«ምን ሆኖ ደህና አይሆንም?» አለች ሴትዮዋ፤ ልጇን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችና ውሃ ልታመጣለት ወደ ውስጥ ገባች።